ከወዲህ አፍንጫ፣ ከወዲያ ጆሮ

ከቤታችን በላይ አንድ ተራራ አለ። በባለቤቴ ወገን፣ በሰቆጣ ዙሪያ በኩል ሆኖ ለሚያየው አፍንጫ ነው፤ ሁለት ዋሻ ስላለው ቀዳዳው እንኳን አልጎደለም። እኔ ባደግኩበት በዝቋላ ወረዳ በኩል ሆኖ ለሚያየው ደግሞ ጆሮ ነው፤ ከላይ የታጠፈ፣ ከታች ወፈር ብሎ የተንጠለጠለ፣ የሽማግሌ ጆሮ። ተራራው አንድ ነው። ስሙ ሁለት ነው። እኔና ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ ከተጋባንበት ቀን ጀምሮ ተስማምተን አናውቅም።

እኛ አገር ስም የሌለው መሬት የለም። ከተማ ያደገ ሰው «ዳገቱን ውጣና ቁልቁለቱን ውረድ» ይላል። የትኛውን ዳገት? እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚገጥምህ «ጉልበት ለማኝ» ነው፤ ከወጣኸው ለምን እንደተባለ እንድነግርህ አያስፈልግም። ከእሱ በላይ «አህያ የሚያስብበት» አለ። የተጫነ አህያ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ስለ ኑሮው ያስባል፤ ብትመታውም ሐሳቡን ሳይጨርስ አይነቃነቅም። ወደ ምንጩ ሲወረድ ደግሞ «ምራት የምትስቅበት» አለ። ትልቅ ቋጥኝ ነው፤ ከጀርባው የቆመ ሰው ከአማት ደጅ አይታይም። እንስራዬን እዚያ አስደግፌ ስንት ቀን እንደሳቅኩ አማቴ ሳያውቁ ሞቱ። ወይም ያውቁ ነበር፤ እሳቸውም ምራት ነበሩ።

ስሞቹ በኽምጣኛ ናቸው። በእኛ ቋንቋ አጫጭር ናቸው፣ በአማርኛ ሲፈቱ ይረዝማሉ፤ ሁሉም እንዲያነበው ብዬ ግን ፍቺያቸውን ጻፍኩ። ጽሕፈት የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደሉን የልጅ ልጄ አርማልኛለች፤ ሐሳቡን እንድታርም አልፈቀድኩላትም።

ሙሽራ ከዝቋላ ወገን ስትመጣ በተራራው ጎን ባለው በር ታልፋለች። በር የምንለው በሁለት ከፍታ መካከል ያለውን ማለፊያ ነው። በሩን አልፎ ጥቂት ወረድ እንደተባለ የባል ወገን በቅሎዋን ያስቆማል። ሚዜዎቹ ከፊት የሚታየውን አገር እየጠቆሙ ስሙን ይጠራሉ፤ ሙሽራዪቱም በተከናነበችው ነጠላ ውስጥ ሆና ትደግማለች። ውሃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም እንዳትጠፋ ነው። እኔም ደገምኩ። ጉልበት ለማኝን ደገምኩ፣ አህያ የሚያስብበትን ደገምኩ። በመጨረሻ ወደ ተራራው አዞሩኝና «አፍንጫ» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። ዓይን አለኝ፤ አፍንጫ ይመስላል። ነገር ግን ከሥሩ ያደግኩበት ተራራ ነው። በቅሎ ላይ ስለተቀመጥኩ ስሙ ይለወጣል?

«ጆሮ» አልኩ ከነጠላዬ ውስጥ።

ሚዜዎቹ ያልሰማሁ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «ጆሮ» አልኩ። አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በበቅሎዋ አንገት ላይ ተደፋ። ያን ጊዜ ሙሽራው፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተናገረኝ ሰው፣ ጠጋ ብሎ «አፍንጫ ነው» አለኝ። ባሌ የተናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ሌላ ሰው ሌላ ነገር ይባል ይሆናል፤ እኔ የተባልኩት ይህን ነው።

በኋላ አማቴን ጠየቅኳቸው። «እኔ የእሱን ወገን ስም ስደግም፣ እሱ የእኔን ወገን ስም ለምን አልደገመም?»

«እሱ እዚያ ውሃ አይቀዳም፣ ልጄ» አሉኝ።

መልሱ ልክ ነው። ፍትሕ ግን አይደለም። እኔ ልክ የሆነና ፍትሕ ያልሆነ ነገር ሲገጥመኝ ክርክሬን አልተውም።

እንዲህ ሆነን አረጀን። እሱ «ከአፍንጫ ሥር ያለው ማሽላ ደርሷል» ይላል፤ እኔ «ከጆሮው ሥር ያለውን ማለትህ ነው» እላለሁ። ልጆቻችን ሁለቱንም ስም ያውቃሉ፤ ማን ፊት የቱን እንደሚሉም ያውቃሉ። ባለቤቴ ለሠርግም ለለቅሶም ወደ ወገኖቼ ሄዷል። ተራራውን ከዚያ በኩል አይተህ ፍረድ ባልኩት ቁጥር ግን ሰበብ አያጣም። አንድ ጊዜ ጉም ነበር። አንድ ጊዜ ፀሐይ ዓይኔን መታኝ አለ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ላይ ቀና ማለት ነውር ነው ብሎ ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ተከናንቦ ተመለሰ። የሞተው ሰው የሩቅ ዘመድ ነበር፤ ያን ያህል የሚያስጎነብስ አልነበረም።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ዓይኑን ሞራ ይጋርደው ጀመር። መጀመሪያ ያወቅኩት በ«ሾላው ጥላ» ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የምናርፍበት ቦታ ነው፤ ሾላው ግን በድርቁ ደርቆ ለማገዶ ከሆነ ቆይቷል። ባለቤቴ እዚያ ሲደርስ በጠራራ ፀሐይ ተቀመጠ፣ ነጠላውን አወለቀ፣ «ተመስገን፣ እንዴት ያለ ጥላ ነው» አለ። ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ ነው።

«ዛፉ እኮ የለም» አልኩት።

«ስሙ አለ» አለኝ።

ያን ቀን ስቄበታለሁ። በኋላ ግን ልብ ብዬ ሳየው፣ ሰውዬው ከነጭራሹ በስም ነው የሚሄደው። እግሩ ጉልበት ለማኝን ያውቀዋል። ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ አህያ የሚያስብበት ደርሻለሁ ይላል። ነፋሱ ከቀኝ ሲመታው ቋጥኙን እንዳለፈ ያውቃል። «አገሩ ስም አለው፣ እኔ እግር አለኝ፤ ዓይን ለምን ያስፈልገኛል?» ይለኛል። እኔም አንድ ሰሞን አመንኩት።

ታዲያ በበጋው ያገሬው ሰው ለእርከን ሥራ ወጣ። በየዓመቱ እንደምናደርገው ድንጋይ እየካብን ተዳፋቱን አሰርነው፤ አፈሩ በጎርፍ እንዳይሄድ ነው። እርከኑ የድሮውን የእግር መንገድ ቆርጦት አለፈ። ዓይን ያለው ሰው ዞር ብሎ ይሄዳል። ባለቤቴ ግን ያን ሰንበት ብቻውን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ እግሩ ጠጠር ሲጠብቅ ካብ አገኘ፣ ካቡን ተከትሎ ወረደ፣ ሣር ሲረግጥ ደጃችን የደረሰ መሰለው። የደረሰው ከታች ካለችው ጎረቤታችን ግቢ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የሰላ ሴት ናት።

ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። «ዛሬ ደግሞ ቤቱን ማን አዞረው? መደቡ በግራ አልነበረም?» ብሎ ተቆጣ። እሷም፣ እግዜር ይይላት፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ጠላ ቀዳችለት። ጠጣና «ዛሬ ጠላሽ ጥሩ ነው፣ ምን አግኝቶሽ ነው?» አላት። ይህን ነው ይቅር ያላልኩት።

ከዚያ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ጠራችኝ። «አንቺ! ባልሽን አግኝቼዋለሁ። ትወስጂዋለሽ ወይስ ይቅርልኝ?»

«ጠላ ከወደደልሽ ያዥው!» አልኳት።

ሳቅንና ልወስደው ወረድኩ። እሱ ግን አልተሸነፈም። «እኔ አልጠፋሁም፤ አገሩ ነው የተንቀሳቀሰው» አለ። ልንወጣ ስንል ጎረቤቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ በዝግታ፣ እሱ እንዳይሰማ፣ «ካቡ እኮ ወደ ሁለት ወገን ነው የሚወርደው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። በግራ የእሷ ግቢ ነው። በቀኝ «ድንጋይ የማይመልስ» ነው፤ ድንጋይ ወርውረህ ሲያርፍ የማትሰማበት ገደል።

ከዚያ ቀን በኋላ አልሳቅኩበትም።

ከቤታችን በላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ስልክ የሚሠራው እዚያ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። ስሙ «ሃሎ» ነው። ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፣ ስልክ ከመጣ ወዲህ እንዲሁ ሃሎ ሆኖ ቀረ። ሃሎ ላይ ወጥቼ ሰቆጣ ለምትማረው የልጅ ልጄ ደወልኩና የአያቷን ነገር ነገርኳት። «እማማ፣ እዚህ ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል፤ ሞራ ይገፍፋሉ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው የሚቆዩት፤ ይዘውት ይምጡ» አለችኝ።

ይዤው ልምጣ? ፍየል ነው?

«ዓይኔን ሰው በስለት አይነካትም» አለ።

«እንደገና ጎረቤታችን ቤት ልትገባ ነው እንግዲህ።»

«ጠላው ጥሩ ነበር።»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ንስሐ አባቱን አስመከርኩት፤ በፀጥታ ሰምቶ ሁሉንም አሰናበተ። ሐኪሞቹ ሊሄዱ ሲቃረቡ፣ ጠዋት ደጅ ፀሐይ ሲሞቅ ከፊቱ ተቀመጥኩ።

«እሺ» አልኩት። «እንግዲያው ጆሮን ሳታይ ትሞታለህ።»

«አፍንጫን።»

«ስማኝ። እኔ ካንተ በኋላ ከኖርኩ፣ ለቅሶህ ላይ አልቃሿን እኔ ነኝ የማስጠናት። ‹ከጆሮው ሥር የኖርክ፣ ከጆሮው ሥር ያረስክ› ብላ ታወርዳለች። አገሩ ሁሉ ተቀብሎ ያለቅሳል። አንተ ተገንዘህ ተኝተሃል፣ አትመልስም።»

«ታደርጊዋለሽ?» አለኝ።

«በማርያም።»

«ክፉ ሴት ነሽ» አለና ዱላውን ፈለገ።

አዲሱ የጠጠር መንገድ ተራራውን ዞሮ በእኔ ወገን በኩል ነው የሚያልፈው። ባለቤቴ በዚያ አልሄድም አለ፤ በጎረቤት በቅሎ ላይ ሆኖ በድሮው የእግር መንገድ፣ እኔ እየሳብኩ ሄድን። እኔ ከፊት ነኝ፣ እሱ ከላይ ሆኖ የደረስንበትን ሁሉ ስም ይጠራል፤ መንገዱን የሚመራው እሱ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ እንዳውቅ ነው። የሾላው ጥላን ጠራ። አህያ የሚያስብበትን ጠራ፤ በቅሎዋ ግን አላሰበችም፣ አለፈች። እርከኖቹ ጋ ስንደርስ ዝም አለ። በቅሎዋ በካቡ ላይ ኮቴዋን እየፈለገች ስትረግጥ ሁለት እጁን በኮርቻው ላይ ሲያጠብቅ አየሁት። የሚጠራው ስም አልነበረውም።

ሐኪሙ ከሌላ አገር የመጣ ለግላጋ ወጣት ነው። ጣቱን ዘርግቶ «አባባ፣ ይህ ስንት ነው?» አለው።

«የማን ጣት እንደሆነ ንገረኝና እነግርሃለሁ» አለ ባለቤቴ።

ወጣቱ ፈገግ አለ። «ከየት ነው የመጡት?»

«ከአፍንጫ ሥር።»

«ከጆሮው ማዶ በሉ» አልኩ እኔ ከኋላ።

ሐኪሙ አንድ ጊዜ እሱን አንድ ጊዜ እኔን አየና «እማማ፣ እኔ የዓይን ሐኪም ነኝ። የአፍንጫና የጆሮ ከሆነ ሌላ ሐኪም ነው የሚያየው» አለኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለቤቴም ሳቀ። ወደ ውስጥ ሲያስገቡት እየሳቀ ነበር። እኔ በሩ ሲዘጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና ዱላውን በጉልበቴ መካከል ያዝኩ። የሰው ቀልድ እዚያ ድረስ ብቻ ነው የሚያደርሰው።

የቀኝ ዓይኑን ነው የሠሩለት። በማግሥቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሣ ከፊቱ ቆሜ ነበር፣ የልጅ ልጄም አብራኝ ነበረች። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ጨፈነ። ከዚያ አፈጠጠብኝ።

«አርጅተሻል እኮ!» አለኝ።

«መስታወት እስኪሰጡህ ጠብቅ» አልኩት። ልጅቱ ግን እንባዬን አይታለች፤ ስለዚህ አልደብቅም።

ወደ ግቢው ወጣን። በከተማው ዙሪያ ያሉትን ተራሮች አንድ በአንድ ይቃኝ ጀመር፣ ጠፍተው እንደተገኙ ከብቶች። «ያኛው ማን ይባላል?» አላት የልጅ ልጁን።

«ተራራ ነው፣ አባባ።»

«ተራራ መሆኑንማ አየሁት። ስሙ?»

«እኛ ‹ኔትወርክ የሚይዝበት› ነው የምንለው።»

ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። እኛስ ሃሎ ብለን የለም? አህያ ያሰበበትን ቦታ ስም ካወጣንለት፣ ልጆቹ ስልክ የያዘበትን ቢሰይሙ ምን ያንሳል? እንዲያውም ለሚፈልገው ሰው የት እንደሚሄድ ይነግረዋል። እሱም ጥቂት አሰበና «አህያው ግን የድሮ ነው» ብሎ ተወው።

ሐኪሙ አቧራና ፀሐይ አያግኘው፣ በበቅሎ አይሂድ፣ ጎንበስም አይበል አለ። ጥቁር መነጽር አደረጉለት። በቅሎዋን የሚመልስ ያገራችን ሰው አገኘን፤ ለእኛ ልጅቱ ባጃጅ ጠራች። ባጃጅ ደግሞ በእግር መንገድ አይሄድም። በጠጠሩ መንገድ፣ ዞሮ፣ በእኔ ወገን ነው የሚሄደው። ባለቤቴ ይህን የተረዳው ከከተማው ከወጣን በኋላ ነው። «አስበሽበት ነው» አለኝ። አላሰብኩበትም፤ ቢሆንም ዝም አልኩ፣ ያልሠራሁት ብልሃት ሲቆጠርልኝ አልከለክልም።

በሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መንገዱ ዳገት ሆነና ባጃጇ ማጓራት ጀመረች። ሾፌሩ ሞተሩ ይቀዝቅዝ ብሎ ዳር ያዘ። የቆመበት ቦታ «እናት የምትመለስበት» ነው። ከእኛ ወገን ሙሽራ ስትወጣ እናት እስከዚያ ትሸኛለች፣ ከዚያ ወዲያ አታልፍም።

«ውረድ» አልኩት።

«ሐኪሙ አቧራ—»

«አቧራ የለም። ውረድ። ሙሽራዬ ነህ ዛሬ።»

ገባው። እየተነጫነጨ ወረደ፣ ነጠላውን በራሱ ላይ ጣል አደረግኩለት። ሾፌሩ አፉን ከፍቶ ያየናል። እጄን ዘርግቼ ከፊታችን ያለውን ቆላ እየጠቆምኩ ስሙን ጠራሁ።

«ነፋስ የሚያድርበት።»

«ነፋስ የሚያድርበት» አለ፣ እንደ ተማሪ።

«ፍየል የማያፍርበት።»

«ምን አድርጎ ነው የማያፍረው?»

«ድገም።»

«ፍየል የማያፍርበት።»

ከዚያ የቆምንበትን መሬት በእግሬ መታ አደረግኩ። «እናት የምትመለስበት።»

ይህን ወዲያው አልደገመውም። መሬቱን አየ። «እናትሽ እዚህ ነበር የቆሙት?»

«እዚህ።»

«አላየኋቸውም።»

«አልዞርክም።»

«እናት የምትመለስበት» አለ በዝግታ፣ ሳላስገድደው ሁለተኛ ደገመው።

ያን ጊዜ በትከሻው ይዤ ወደ ላይ አዞርኩት። ጉም የለም። ፀሐይ ከኋላችን ነው። የሞተ ዘመድ የለም። ተራራው ከላይ ታጥፎ፣ ከታች ተንጠልጥሎ፣ ቆሟል።

«ይሄስ?» አልኩት።

መነጽሩን ዝቅ አደረገ። በዚያች በአንዲት ዓይኑ ብዙ አየ። የከንፈሩ ጥግ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ያን ከንፈር አውቀዋለሁ፣ ሊስቅ ሲል እንዲህ ያደርጋል። ቃሉ ሊወጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«በአንድ ምስክር ይፈረዳል?» አለኝ።

«ምን?»

«አንቺ ፍትሕ ወዳድ ነሽ። የቀኙ ዓይን አንድ ምስክር ነው። ግራው ገና አልቀረበም። እሱም ይገፈፍና ሁለቱን ሰምቼ እፈርዳለሁ።»

ከሆስፒታል ስንወጣ «ግራዋን እግዚአብሔር እንደፈቀደ ትኑር፣ ሁለተኛ አልነካም» ብሎ የማለው ይህ ሰው ነው። ፍርዱ ትክክል ነው። በዚያ ላይ ፍትሕ ነው።

ሾፌሩ ከባጃጇ ውስጥ «አባባ፣ እኔ ግን ጆሮ ይመስለኛል» አለ።

«አንተን ማን ጠራህ? ንዳ» አለው ባለቤቴና ነጠላውን ሰብስቦ ገባ።

ቤት እንደደረስን ለጎረቤታችን ዓይኑን ሊያሳያት ወረደ፣ በእግሩ፣ ካቡን ዞሮ፤ እኔ ከደጄ ሆኜ አየሁት፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ። ከዚያ ሃሎ ላይ ወጣሁና ለልጅቱ ደወልኩ።

«ሐኪሞቹ መቼ ነው የሚመለሱት?» አልኳት።

«ምነው እማማ! አመመው እንዴ?»

«ደህና ነው» አልኩ። «ቀጠሮ ላይ ያለ ክርክር አለን።»